ከወተት ጣሳ የሚወጣ ዜማ



ባለፈው ዓመት በባሕር ማዶ ከሚገኙ ወዳጆቻችን አንድ ትልቅ ካርቶን ደርሶን ነበር። በውስጡ ለሕፃናት መጫወቻ የተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነበሩበት፤ ትናንሽ ፒያኖዎች፣ ሲጫኗቸው ራሳቸው የሚዘምሩ የፕላስቲክ ጊታሮች፣ መብራታቸው ብልጭ ድርግም የሚል ከበሮዎች፣ ሁለት ባለ ብረት ዛይሎፎኖች፣ እንዲሁም ፊሽካና ቃጭል። ካርቶኑን የከፈትነው ከመዋዕለ ሕፃናቶቻችን በአንዱ ግቢ ውስጥ ነው። የልጆቹ የደስታ ጩኸት እስከ ጸሎት ቤቱ ተሰምቶ ሽማግሌዎች ምን ደረሰ ብለው ወጡ። እኛም ፎቶግራፍ አንሥተን፣ የምስጋና ደብዳቤ ጽፈን፣ ደስ ብሎን ተመለስን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንሄድ ግቢው ጸጥ ብሏል። የፒያኖዎቹና የጊታሮቹ ባትሪ ድንጋይ አልቆ ሌላ የሚገዛበት ሂሳብ አልተያዘም። ባትሪ የማይፈልጉት መሣሪያዎች ደግሞ እንዳይሰበሩ ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ቁልፉ በመምህርቷ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ልጆቹ «እትዬ፣ ይክፈቱልን» እያሉ ይለምኗታል፤ እርሷ ደግሞ ዕቃ ጎደለ ተብላ እንዳትጠየቅ ትፈራለች። ልንወቅሳት አፋችን አልደፈረም፤ ዕቃውን ቆጥረን፣ ባለ ሦስት ቅጂ ሰነድ ላይ አስፈርመን ያስረከብናት እኛው ነንና።

በዚያው ዕለት ከአጥሩ ጀርባ የክራር ድምፅ ሰማን። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ከዘይት ቆርቆሮና ከቢስክሌት ፍሬን ሽቦ ራሱ የሠራውን ክራር ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አራት ትንንሽ ልጆች ከበውት ያጨበጭባሉ። ሽቦው ሲላላ ያጠብቀዋል፤ ሲበጠስ ይቀጥለዋል። አላስፈረምነውም፤ ማንም አልቆለፈበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መጫወቻ የሙዚቃ መሣሪያዎች ያለን አሳብ ተለወጠ። እንዴት እንደ ተለወጠና አሁን ምን እየሠራን እንዳለን በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

አስቀድመን ግን አንድ ጥያቄ መመለስ ይገባናል። ይህን ነገር በአንድ አጥቢያ ለምእመናን ስናወራ አንድ አባት ከመካከል ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ እኔ መባዬን የምሰጠው ለተራበ ሕፃን ዱቄት እንዲገዛበት ነው፤ ዱቄቱ ሳይበቃ ከበሮ ምን ይባላል?» አሉን። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። እኒህ አባት በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ረሃብ በዐይናቸው ያዩ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ከወተትና ከብርድ ልብስ በፊት ስለ መጫወቻ ያወራ ሰው ቢኖር ኖሮ እኛም አንሰማውም ነበር።

ሆኖም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የሚጎዳው ሥጋው ብቻ አይደለም። አእምሮውም ይደክማል። እንዲህ ያለ ልጅ አያለቅስም፣ አይስቅም፣ ሰው ሲመጣ ቀና ብሎ አያይም። እናቲቱም ልጇ መልስ ስለማይሰጣት ቀስ በቀስ ማናገሩን ትተዋለች፤ ልጁም ይባስ ዝም ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ለሐኪሞችና ለከፍተኛ የጤና ሠራተኞች ባወጣው መመሪያ ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ከሚደረጉት ዐሥር የሕክምና ተግባራት አንዱ ፍቅር፣ ጨዋታና የስሜት ማነቃቂያ መስጠት ነው። በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ከልጁ ጋር በሥርዓት መጫወት እንደሚገባም ያዝዛል። ለዚሁ ከሚያገለግሉት ዕቃዎች መካከል በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሠራ መንቀጭቀጫና ክዳኑ ግጥም ካለ ጣሳ የሚሠራ ከበሮ ይገኙበታል። ልብ በሉ፤ ይህ የተጻፈው ስለ ወተት አበጣጠስና ስለ መድኃኒት መጠን በሚናገረው በዚያው መመሪያ ውስጥ ነው።

ሌላም ምስክር አለን። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ፣ በምግብ እጥረት ቁመታቸው ያጠረ 129 ሕፃናት በአራት ወገን ተከፍለው ሁለት ዓመት ተጠኑ። አንደኛው ወገን በየሳምንቱ አንድ ኪሎ የወተት ምግብ ተሰጠው። ለሁለተኛው የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት እቤቱ እየሄደች፣ በእጅ የተሠሩ መጫወቻዎች ይዛ እናትና ልጅን አብራ አጫወተች። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው ግን አንዱንም አላገኘም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲታተም ምግቡም ጨዋታውም ለአእምሮ ዕድገት ረድተው ነበር፤ ከሁሉ የበለጡት ሁለቱንም ያገኙት ናቸው። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያው ልጆች አድገው ተፈልገው ሲጠየቁ፣ ጨዋታ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ በገቢያቸው 25 በመቶ ይበልጡ ነበር፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ የኪንግስተን መጫወቻዎች ሁሉ የሙዚቃ መሣሪያ አልነበሩም፤ ከበሮ የመታ ልጅ ሁሉ ባለጸጋ ይሆናል ማለታችንም አይደለም። ለእኒያ አባት የመለስንላቸው፣ «አባታችን፣ ከዱቄቱ አንድ ስኒ አንቀንስም፤ የምንጨምረው ዱቄቱ ያለቀበትን ጣሳ ነው» ብለን ነው። ሳቁና ተቀመጡ።

ዛሬ ሌላ ሕመም ያልተደረበባቸው አብዛኞቹ የተጎዱ ሕፃናት ከለውዝ የተዘጋጀውን በፓኬት የታሸገ አልሚ ምግብ እየወሰዱ በቤታቸው ሆነው ይታከማሉ። እናቶች በየሳምንቱ ለድርሻቸው ወደ ጣቢያ ይመጣሉ። የመጫወቻው ትምህርትም የሚሰጠው በዚያው የሰልፍ ሰዓት ቢሆን ጊዜ አይባክንም። ወረፋ የምትጠብቅ እናት ከተቀመጠችበት ሳትነሣ መንቀጭቀጫ ሠርታ ልትሄድ ትችላለች።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ።

ከሁሉ የሚቀለው መንቀጭቀጫ ነው። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን ትንሹን የውሃ ፕላስቲክ አጥቦ፣ አድርቆ፣ እስከ ሩቡ ድረስ ምስር ወይም ጠጠር መጨመር ነው። ምስር ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፣ ባቄላ ወፍራም፣ ጠጠር ደግሞ ኃይለኛ። ክዳኑ በኮላ ተለጥፎ በላዩ በፕላስተር መጠቅለል አለበት፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ፍሬውን አውጥቶ ቢውጠው ሊታነቅ ይችላልና። እዚህ ላይ የፕሮጀክት ሠራተኞች አጥብቃችሁ እንድትጠነቀቁ የምንፈልገው ነገር አለ። የጉሎ ፍሬ በየአጥሩ ሥር ስለሚገኝ፣ መልኩም የሚያምር ስለሆነ ልጆች ይለቅሙታል። የጉሎ ፍሬ ሲታኘክ ብርቱ መርዝ ነው። ዶቃ የምትመስለው ቀይና ጥቁር የዱር ፍሬም እንዲሁ ናት። ሁለቱም ወደ መንቀጭቀጫ አይግቡ፤ በኮላ ተለጥፏል ተብሎም አይግቡ።

ለከበሮ ትልቁ የወተት ዱቄት ጣሳ ይበቃል። ክዳኑን ገጥሞ መምታት ይቻላል፤ ድምፁ ግን ደረቅ ነው። የተሻለው ሁለቱን ጫፍ ከፍቶ፣ ስለታሙን ጠርዝ በመዶሻ ወደ ውስጥ አጥፎ፣ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ክብ ክብ አድርጎ ቆርጦ ማልበስና ከላይ ወደ ታች በጠፍር መወጠር ነው። ቆዳ ከከመነዳሪ ይልቅ ያማረ ድምፅ አለው፤ ይሁን እንጂ በክረምት እርጥበት ይላላል፤ እሳት ዳር ካልሞቀ አይመለስም። ከመነዳሪ ዝናብም ፀሐይም አይለውጠውም። ለማልበስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው ያስራል። በመጀመሪያው ቀን እኛ ብቻችንን ሞክረን ከመነዳሪው ተስፈንጥሮ የአንዳችንን መነጽር ወስዶታል።

ለጸናጽል ቆርኪ በመዶሻ ጠፍጥፎ፣ በምስማር በስቶ፣ በባላ እንጨት መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ መሰካት ነው። ቆርኪዎቹ ሽቦው ላይ ልል ሆነው ካልተንቀሳቀሱ ድምፅ አይሰጡም፤ ስለዚህ ቀዳዳው ከሽቦው ሰፋ ይበል።

ዜማ ለማውጣት ግን ከዚህ ጥቂት የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በብዙ ቦታ የተጣለ የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ አይጠፋም። ስድስት ቁራጭ እንቆርጣለን፤ ርዝመታቸውም 30፣ 28.3፣ 26.7፣ 24.5፣ 23.1 እና 21.2 ሳንቲ ሜትር። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ቧንቧው በግማሽ ቢያጥር ድምፁ እንደ ክር በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይቀጥናል። ስለዚህ አንድ ሙሉ መሰላል ለመውጣት ግማሽ መቁረጥ አያሻም፤ ከ30 ወደ 21.2 ማውረድ ይበቃል። መጀመሪያ በጥቂት ሚሊ ሜትር አስረዝሞ መቁረጥና በሞረድ እየሞረዱ እየሰሙ ማስተካከል ይሻላል፤ የተሞረደ ይቀጥናል እንጂ አይመለስም። ቁራጩ የሚቀመጥበትም ቦታ ልክ አለው። ከእያንዳንዱ ጫፍ ከርዝመቱ ሩብ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ማለት ለ30 ሳንቲ ሜትሩ 6.7 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በገመድ ወይም በጨርቅ ጥቅልል ላይ ያርፋል። በዚያ ቦታ ብረቱ አይርገበገብምና ድምፁ አይታፈንም። እጅ መሐሉን ቢይዘው ግን ጣሳ እንደ መምታት ነው። መምቻውን ከእንጨት ጫፍ ላይ የከመነዳሪ ቁራጭ በመጠቅለል መሥራት ይቻላል።

ርዝመቶቹን የመረጥናቸው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና ላይኛውን ዶ እንዲሰጡ ነው። ፋ እና ሲ የሉበትም። አውቀን ነው። ጀርመናዊው ሙዚቀኛ ካርል ኦርፍ እ.ኤ.አ. በ1924 ከዶሮቴ ጉንተር ጋር በሙኒክ ከተማ ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲያስተምር ከጀመረ በኋላ፣ ለልጆች የሚሆኑ ብረታቸው እየተነሣ የሚገባ ዛይሎፎኖች አሠራ። በእርሱ ዘዴ ጀማሪ ልጅ ፋና ሲ ከፊቱ ይነሡለታል፤ በቀሩት በአምስቱ የፈለገውን ቢመታ የሚጋጭ ድምፅ አይወጣምና። ይህን ስናነብ ሳቅን። እነዚያ አምስቱ የእኛው የትዝታ ሜጀር ቅኝት ናቸውና። የክራር አዋቂ ጆሮውን ቢጥልበት በጥቂቱ ይለያያል ይለን ይሆናል፤ እውነትም ነው፤ ለሕፃናት ግን ይበቃል። በካርቶን የመጡትን ሁለት ዛይሎፎኖችም ከቁም ሳጥን አስወጥተን ፋና ሲውን በመፍቻ ፈትተን አነሣን። ከዚያ በፊት ልጆቹ አምቧርቀው ብቻ ይተዉት የነበረው መሣሪያ በዚያ ቀን እናቶቻቸው ቤት ውስጥ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ የሚመስል ነገር አወጣ። ባትሪ ባለመኖሩም ዛሬ ድረስ ይሠራል። መጫወቻ ፒያኖም ከጥንቱ ባትሪ አያውቅም ነበር። አልበርት ሾንሁት እ.ኤ.አ. በ1872 በፊላደልፊያ በከፈተው ድርጅት ይሠራቸው የነበሩት በትንሽ መዶሻ የሚመቱ የብረት ዘንጎች ናቸው። ባትሪው በኋላ የመጣ ፈተና ነው።

ለትልልቆቹ ልጆች አንድ ሙከራ እናሳያችሁ። አምስት የብርጭቆ ጠርሙስ ደርድራችሁ የተለያየ ውሃ ጨምሩባቸው። ጠርሙሱን በእንጨት ብትመቱት ውሃ የበዛበት ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። በአፉ ላይ ብትነፉበት ግን ያው ውሃ የበዛበት ቀጭን ይሆናል። ለምን? ሲመታ የሚርገበገበው ብርጭቆው ነው፤ ውሃው ያከብደዋል። ሲነፋ ግን የሚርገበገበው አየሩ ነው፤ ውሃ ሲበዛ አየሩ ያጥራል። አንድ መምህር ይህን ለአራተኛ ክፍል ሲያሳዩ ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ አንወጣም እንዳሉ ነግረውናል።

ለማስተማር የግድ ሙዚቃ መማር አያሻም። በቡሄ ዱላውን መሬት እየመታ ያልጨፈረ፣ በእንቁጣጣሽ በከበሮ ያልዞረች ማን አለ? መምህርቷ አንድ ምት ትመታለች፣ ልጆቹ ይመልሳሉ፤ ቀጥሎ አንድ ልጅ ይመራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ከፍ ያለ ድምፅ ያለው መሣሪያ ጥቂት፣ ዝግ ያለው ብዙ ይሁን። እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ሁሉም ዝም የሚልበት ምልክት ከመጀመሪያው ቀን መለመድ አለበት፤ ይህ ካልሆነ መምህርቷ በሁለተኛው ቀን ራሷን ይዛ ቁም ሳጥኑን ትቆልፋለች፤ እኛም አንፈርድባትም። ፊሽካውንስ እኛ ራሳችን ነን የሰበሰብነው፤ ልጅ በልጅ ጆሮ ሥር ቢነፋው ጆሮ ይጎዳል። በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮና ጸናጽል መግባቱ የሚከብዳቸው ወገኖች ካሉ መዝሙር 150ን ከፍተው የተቆጠሩትን መሣሪያዎች እንዲያዩልን እንለምናለን።

ይህን ሥራ ከሁሉ በላይ እንድንወደው ያደረገን አንድ ልጅ ነው። አምስት ዓመቱ ነበር። ከበሮው ሲመታ ሌሎቹ ይጀምራሉ፣ እርሱ ዘግይቶ የጎረቤቱን እጅ አይቶ ይጀምራል። መምህርቷ ግትር ነው ብላን ነበር፤ ሲጠሩት አይመጣም፣ ሲያዝዙት አይሰማም። አንድ ቀን ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ ከኋላው መንቀጭቀጫ አንቀጨቀጨች፤ አልዞረም። ጣሳውን መታች፤ ሌሎቹ ሁሉ ዞሩ፣ እርሱ አልዞረም። ከበሮውን ጭኑ ላይ አስደግፋ ስትመታ ግን ፈገግ አለ፤ ድምፁ በሰውነቱ በኩል ደረሰው። ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ሁለቱም ጆሮዎቹ ለረጅም ጊዜ መግል ሲያወጡ የኖሩ ሆነው ተገኙ። እናቱ ፈሳሹን አውቃለች፤ ሲያድግ ይተወዋል ተብላ ነበር። ሕክምናው ወራት ፈጀ፤ አንደኛው ጆሮው በደንብ ተሻለው፣ ሌላው በከፊል። መምህርቷ በዚያ ሰሞን አልቅሳለች፤ በግትርነቱ ብዙ ጊዜ ጥግ አስቁማው ነበርና። ከዚያ ወዲህ በሁሉም መዋዕለ ሕፃናቶቻችን አዲስ ልጅ ሲገባ ከኋላው መንቀጭቀጫ ይንቀጨቀጭለታል። ይህ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ያልዞረውን ልጅ ግን ወደ ሐኪም እንዲሄድ ያደርገዋል። ጆሮው ፈሳሽ የሚያወጣ ልጅ ደግሞ ቢዞርም ባይዞርም ይሂድ።

ከእንግዲህ ምን ብትልኩልን ይሻላል ለምትሉ ወዳጆቻችን፤ ባትሪ የሚፈልግ መጫወቻ እባካችሁ አትላኩ። በተለይ እንደ ቁልፍ ጠፍጣፋ የሆነችው ትንሿ ባትሪ ከወጣች ሕፃን ሊውጣት ይችላል፤ ጉሮሮ ላይ ከተያዘችም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች። ብረቱ የሚነሣ ዛይሎፎን ካገኛችሁ ደስ ይለናል። ከዚያ ይልቅ ግን ጥሩ ሞረድ፣ የብረት መጋዝ ምላጭ፣ የብርጭቆ ወረቀትና የማይመርዝ ቀለም ይጠቅሙናል። በአገር ውስጥ ያላችሁ አጥቢያዎች ባዶ የወተት ጣሳ ክዳኑን ሳትጥሉ አጥባችሁ አስቀምጡልን፤ መኪናችን ዱቄት አድርሳ ስትመለስ ትጭነዋለች። የመረካከቢያ ሰነዱንም አሻሽለነዋል፤ መጫወቻዎች ከእንግዲህ በቋሚ ንብረት መዝገብ አይገቡም፣ ስለ ተሰበረ ከበሮም ማንም መምህር አይጠየቅም።

በክረምቱ ሥልጠና የምትካፈሉ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን መዶሻና ምስማር፣ የምታገኙትንም ያህል ቆርኪ ይዛችሁ ኑ። ቧንቧውንና ከመነዳሪውን እኛ እናቀርባለን።